የታሰረው ዛፍና የሕፃኑ እግር

የአጥንት ሐኪሞች ማኅበራትን ዓርማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በብዙ አገር ያው ነው፦ ግንዱ የጎበጠ ለጋ ዛፍ ቀጥ ካለ እንጨት ጋር በገመድ ታስሮ። ምስሉ የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ በ1741 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካሳተመው «ኦርቶፔዲ» ከተባለ መጽሐፍ ነው። ቃሉንም የፈጠረው እሱ ነው፤ «ቀጥ ያለ» እና «ልጅ» የሚሉ የግሪክ ቃላትን ገጣጥሞ። ያኔ ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር።

ሥዕሉ ያምራል፤ አንዴ ያየው አይረሳውም። ችግሩም እሱ ነው። አንድሪ የጎበጠ የልጅ እግር ልክ እንደ ዛፉ ይቃናል ይላል፦ በጎደጎደው በኩል ትንሽ ብረት አድርጎ፣ በጨርቅ ጠምጥሞ፣ በየቀኑ ጠበቅ ማድረግ ነው። እግሩም ብዙ ጊዜ ይቃናል። ግን ባይታሰርስ?

ባይታሰርም አብዛኛው ይቃና ነበር እኮ! ሕፃን ማኅፀን ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚቆይ እግሩ እንደ ደጋን ጎብጦ ይወለዳል። ሳሌኒየስና ቫንካ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ1975 ከ1,400 በላይ ምርመራዎችን ሰብስበው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በግራፍ አሳዩ። ለእኔ ዓርማ መሆን የነበረበት ያ ግራፍ ነው። እግሩ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ቀጥ ይላል፤ የሚገርመው ግን እዚያ አይቆምም። አልፎ ይሄድና በ3 ዓመት ገደማ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ይነካካሉ፤ ከዚያ እስከ 7 ዓመት ቀስ እያለ ይስተካከላል። በዚህ መሀል ብረት ያሰረ ሐኪም ምስጋናውን ለብረቱ ይሰጣል።

ለአንድሪ ፍትሐዊ እንሁን፤ ሲወለድ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ የዞረ እግር ዛሬም በጀሶ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተቃና ይድናል። እዚያ ላይ ዛፉ ልክ ነው።

ሥዕሉ ላይ ገመድ አለ፣ እንጨት አለ፤ ፀሐይስ የታለች? በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ አጥንትን ያለሰልሳል፤ የጎበጠው እግርም የሚታየው ምልክት ብቻ ነው። ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሠርተው በ1997 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ መተንፈስም ይከብዳል። ይህን የትኛው ገመድ ያቃናዋል?

ስለዚህ የታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ እግር ጎብጦ ካያችሁ መጀመሪያ ዕድሜውን ቁጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ እግር ብቻ ከጎበጠ ወይም የእጁ አንጓ ካበጠ ሐኪም ይየው።