ከአሳንሰሩ ወደ ከበሮው፦ የካነር ጽሑፍ በላስታ ሲመዘን

ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ያሳተመው ጽሑፍ ለኦቲዝም ጥናት መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ዛሬም የሚነበበው በጸሐፊው የመመልከት ብቃት ምክንያት ነው። ካነር ሕፃናቱን የሚያሸብሯቸውን ነገሮች ሲዘረዝር አሳንሰርን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የወለል መጥረጊያን፣ የጋዝ ምድጃን፣ የእንቁላል መምቻን፣ የሚፈስ ውኃን፣ ነፋስን እንኳ ሳይቀር ይጠቅሳል። ዝርዝሩ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን የአንድ አገርና የአንድ ዘመን ቤት ዝርዝር ነው። ከውኃውና ከነፋሱ በቀር በላስታ ገጠር ጎጆ ውስጥ እምብዛም የሚገኝ ነገር የለበትም።

የጽሑፉ ዋና ድክመት ግን ከትርጓሜው ላይ ነው። ካነር ሕፃኑ ራሱ ታላቅ ድምፅ እያሰማ ሊደሰት እንደሚችል አስተውሎ፣ የሚያስጨንቀው ድምፁ ሳይሆን ብቸኝነቱን ጥሶ መግባቱ ነው ሲል ደመደመ። ምልከታው ትክክል ሲሆን ድምዳሜው ጠባብ ነው። ሰው ራሱ የሚያሰማውን ድምፅ መጀመሪያና መጨረሻ አስቀድሞ ያውቃል፤ ከውጭ የሚመጣው ግን ሳይጠበቅ ይደርሳል። ስለዚህ የሕፃኑ ደስታ ድምፅ አያሳምመውም ለማለት ማስረጃ አይሆንም። እንደ ቴምፕል ግራንዲን ያሉ ኦቲዝም ያለባቸው ጸሐፊዎችም ከፍተኛ ድምፅ በእርግጥ እንደሚያማቸው ራሳቸው መስክረዋል።

የምርመራ መመሪያዎች ይህን ለመቀበል ዘግይተዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር 5ኛ መመሪያ የስሜት ሕዋሳትን ከመጠን ያለፈ ወይም የቀነሰ ምላሽ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባም ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታን፣ ጣዕምን፣ ሙቀትን፣ ቅዝቃዜንና ሕመምን በስም ይጠራል። ስሞቹ ለሁሉም አገር ይሠራሉ፤ ምሳሌውን ማምጣት የየአገሩ ባለሙያ ድርሻ ነው።

ለላስታ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ድምፅ በጠንካራ ድንጋይ ላይ ይመላለሳል፣ የዕጣን ጭስ በጠባብ ክፍል ይታፈናል። በገና በዓል ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ እልልታውና የምእመናኑ ግፊያ በአንድነት ይመጣሉ። ለብዙዎች የነፍስ እርካታ የሆነው ይህ ሁሉ፣ ለአንዳንዱ ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ሊሸከመው የማይችለው ጫና ሊሆን ይችላል። በቤትም የሚቆላ በርበሬና የቡና ጭስ እንዲሁ።

አደጋው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጆሮውን ይዞ ከቅዳሴ የሚሸሽ ሕፃን ርኩስ መንፈስ አድሮበታል ሊባል ይችላል። ቀዝቃዛ ጸበል በድንገት ሲፈስበት የሚያሰማው ጩኸትም የመንፈሱ ጩኸት ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ቆዳው ቅዝቃዜውን እንደ ሕመም ተቀብሎት ይሆናል የሚል ግን ጥቂት ነው። ባለሙያው እምነቱን ሳይነቅፍ፣ ሕፃኑ ከግቢው ዳር እንዲቆም፣ ሕዝቡ ሳይበዛ እንዲሳለም፣ ጸበሉም በቀስታ እንዲነካው ከወላጅና ከካህን ጋር ሊመክር ይገባል።

ተቃራኒው ገጽታም አይዘንጋ። የሕመም ስሜቱ የቀነሰ ሕፃን ምድጃ ላይ ተቃጥሎ ላያለቅስ ይችላል፤ አለማልቀሱ አለመጎዳቱን አያሳይም። ጆሮን መያዝም ብቻውን ኦቲዝም አይደለም፤ አስቀድሞ የጆሮ ኢንፌክሽንና የመስማት ችሎታ ይመርመር። የመግባባት ችግርና የሚደጋገም ባሕርይ ከሕፃንነት ጀምሮ መኖሩ ሊጣራ ይገባል።

የካነር ጽሑፍ ለኢትዮጵያዊው ባለሙያ የሚያወርሰው የአሳንሰሩን ስም ሳይሆን፣ ሕፃኑ ምን ሲሰማና ምን ሲያሸት እንደሚለወጥ እናቱን በትዕግሥት የመጠየቅን ልማድ ነው።