የሕፃን ራጅ ከጠርዙ ይነበባል

የሕፃን ደረት ራጅ ብርሃን ላይ ሲሰቀል የሁሉም ዓይን ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሮጣል። የአንሺውን ሙያ መመዘን የፈለገ ግን መጀመሪያ ጠርዙን ይይ። አራቱም የጨረር ወሰኖች ይታያሉ ወይ? ከትከሻ ጥቂት ከፍ ብሎ የጀመረና ከመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች ጥቂት ዝቅ ብሎ ያበቃ ምስል፣ ባለሙያው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ማሰቡን ይናገራል። አገጭም፣ ክንድም፣ ሆድም፣ ዳሌም ከገቡበት ግን ደረት ታዞ ልጁ በሙሉ ተነስቷል ማለት ነው። በዲጂታል ማሽን ደግሞ አንድ ማታለያ አለ፤ ጨረሩን በሰፊው ለቅቆ በኋላ ጠርዙን በኮምፒዩተር መቁረጥ። ምስሉ ያምራል፤ ልጁ ግን ጨረሩን በሙሉ ወስዷል። ስለዚህ ያልተቆረጠውን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

ይህን ስጽፍ በሐሳቤ ያለው ምዕራብ ጎንደር ነው፤ መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውሃ፣ ሽንፋ፣ ቋራ። ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋ የሚወርድ ቤተሰብ አለ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ በገላባት በኩል የተሻገረም አለ። አገሩ የወባና የካላዛር ቆላ ነው፤ ካላዛር የያዘው ልጅ የሳንባ ምች ወይም ቲቢ ተደርቦበት ሊመጣ ይችላል። ትንሽ ልጅ አክታ አውጣ ቢሉት አያወጣም፤ ቲቢ ሲጠረጠርበት ብዙው ሸክም የሚወድቀው በራጁ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የደረት ራጅን በኮምፒዩተር አስነብቦ ቲቢን መለየትን ሲደግፍ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ብቻ ነበር። የልጁን ራጅ የሰው ዓይን ነው የሚያነበው። ያ ዓይን በተበላሸ ምስል ከተወናበደ ደግሞ እናቲቱ ያለ ምክንያት እስከ ጎንደር ሪፈር ተጽፎላት ትጓዛለች።

ከጠርዙ ቀጥሎ የልጁ ቀጥ ማለት ይታያል። በግራና በቀኝ የፊተኞቹ የጎን አጥንቶች ጫፎች ከአከርካሪው እኩል ካልራቁ ልጁ ዞሯል፤ የዞረ ልጅ አንዱ ሳንባው ይጠቁራል፣ ልቡም ወደ ጎን የሄደ ይመስላል። ትንፋሹ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ሕፃን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ያዝ ቢሉትም አይሰማም። አየር ሲያስወጣ ከተነሳ ልቡ ይገዝፋል፣ ሳንባው ይነጣል፣ የአየር ቧንቧው ይጎብጣል፤ ጤነኛው ልጅ የሳንባ ምች ያለበት ይመስላል። ከድያፍራሙ በላይ ከኋላ በኩል ስምንት ወይም ዘጠኝ የጎን አጥንት ከተቆጠረ በቂ ነው። እዚህ ላይ ለቆላው ባለሙያ ልከራከርለት፦ በካላዛር ጣፊያው ያበጠ ልጅ የግራ ድያፍራሙ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። በዚያ በኩል ቁጥሩ ቢያንስ ጥፋቱን በአንሺው ላይ መለጠፍ አይገባም።

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የልጆች ራጅ መመሪያ ለአራስ ደረት ከ4 ሚሊሰከንድ ያነሰ የጨረር ጊዜ ይመክራል። ሰው የሚሠለጥነው ግን ለዚያች ቅጽበት ሳይሆን ከእሷ በፊት ላለው ደቂቃ ነው። ጎበዝ ሠልጣኝ የልጁን ፊት ትቶ ሆዱን ያያል፤ ሆዱ ሲነፋ ቁልፉን ይጫናል። ማሽኑን፣ ካሴቱንና የጨረሩን ስፋት ልጁ ከመግባቱ በፊት አዘጋጅቶ ይጠብቃል። በአሻንጉሊት ላይ፣ ጨረር ሳይለቀቅ፣ ደጋግሞ ቢለማመድ እወዳለሁ። «ካለቀሰ ጥሩ ትንፋሽ ይስባል» የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን ስንፍና እለዋለሁ።

የውጭ ጥላ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ክታብ፣ ጨሌ፣ የማተብ መስቀል፣ የልብስ ቁልፍ ሁሉ ይታያሉ። ወፍራም ሹሩባ በሳንባ አናት ላይ ከወደቀ ቲቢ ያስመስላል። የከሳ ልጅ ቆዳ ተጣጥፎ ካሴቱ ላይ ሲተኛ በደረት ውስጥ አየር የገባ የሚመስል መስመር ይሠራል። ማተብ ይበጠስ ማለት ግን አያስፈልግም፤ መስቀሉን ወደ ጆሮ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ እናትን አያስቀይምም፤ ከወዲያ ማዶ ለመጣችውም በዓረብኛ ሁለት ቃል አያጣም።

በምስሉ ጥግ የያዡ ጣት አጥንት ከታየ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የያዘው ማን ነው? የእርሳስ ሽርጥ ለብሷል? እናት ከሆነች ነፍሰ ጡር አለመሆኗ ተጠይቋል? በልጁ ላይ ሽርጥ መደረቡ ግን እንደ ድሮው የጥንቃቄ ምልክት አይደለም፤ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታካሚን የመራቢያ አካል በልማድ መሸፈን እንዲቀር መክሯል። ልጁን የሚጠብቀው ጠበብ ያለ ጨረር ነው።

በጣም ያማረ ዲጂታል ምስል ያጠራጥረኛል። በድሮው ፊልም ጨረር ሲበዛ ምስሉ ይጠቁርና ያጋልጥ ነበር። ዛሬ ሲያንስ ነው ምስሉ አሸዋ የሚመስለው፤ ሲበዛ ይጠራል፣ ማንም አይወቅስም። ስለዚህ መጠኑ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል። በማሽኑ ላይ የሚመዘገበውን የጨረር መለኪያ ቁጥር ሳያዩ ማሞገስ አይገባም።

ምስሉ የማይናገረው ነገር ለዚያ ልጅ ቁልፉ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ነው። ሦስት ጊዜ አንስቶ ውቡን ያስቀረ ባለሙያ፣ አንድ ጊዜ አንስቶ ክንዱ ትንሽ የጎበጠበትን ካስረከበው ሊያንስ ይችላል። ሳንቲም ዋጠ ለተባለ ልጅ ሳንቲሙ ያለበት ከታወቀ፣ ትንሽ መዞሩ ምንም አይደለም። በሳንባ ሥር ያበጠ ንፍፊት ለሚፈለግበት ልጅ ግን ያው መዞር ምስሉን ያስደግማል። ለዚህ ነው ሠልጣኝን ስፈትን «ይደገም ወይስ አይደገም?» ከማለቴ በፊት የሐኪሙን የጥያቄ ወረቀት የማነብለት።