የሳንባ ደም ግፊት በመንዝ ደጋ፤ በመማሪያ መጻሕፍታችን ላይ የቀረበ ሒስ

የሳንባ ደም ግፊትን የምንማርባቸው መጻሕፍት ደዌውን በአምስት ክፍል ይከፍሉታል። ሰውነት ራሱን ከሚዋጋባቸው ደዌዎች፣ ይኸውም ከስክሌሮደርማና ከሉፐስ የሚመጣው በመጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ ከግራው ልብ ጉድለት የሚነሣው በሁለተኛው፤ ከደጋ አየር ስስነት የሚመጣው በሦስተኛው። አከፋፈሉን አንነቅፍም፤ ሕክምናው በእርሱ ይመራልና። የምንነቅፈው፣ ይህን ብቻ ያጠና ተማሪ ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ ሕመምተኛ ሲቀርብለት፣ ራሱን የሚዋጋውን ሰውነት በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ፈልጎ ሲያጣ ነገሩን የሚተወው መኾኑን ነው።

በአገራችን ይህ ጠብ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በጉሮሮ በኩል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተህዋስ የልጁን ጉሮሮ ሲያቆስል፣ ሰውነት የሚያሰናዳው መከላከያ ተህዋሱን ከልብ ሥጋ መለየት ይሳነዋል። ጉሮሮው ይድናል፤ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ግን መጋጠሚያው ያብጣል፣ ልቡም ይቆስላል። ይህ ሲደጋገም ሚትራል የተባለው የልብ በር ይጠብባል፤ መውጫ ያጣው ደም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ የሳንባውን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። በመንዝ የክረምት ሌሊት ስንት ልጅ በአንድ ባና ሥር እንደሚተኛ የምናውቅ ሰዎች፣ ተህዋሱ እንዴት እንደሚሻገር ለመረዳት መጽሐፍ አያሻንም። ጉሮሮው ሲታመም የሚኾነውንም እናውቃለን፤ እንጥሉ ይቆረጣል። ቢላዋው ተህዋሱን አይነካውም፤ መድማትንና ማመርቀዝን ግን ይጨምራል። (የኩበት ጭስም የራሱ በደል አለው፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።)

ለልምምድ በተላክንበት ስፍራ ያየናት አንዲት የመንዝ ወጣት ሴት ለብዙ ጊዜ የአስም መድኃኒት ስትወስድ ኖራለች። ዳገት ሲያደክማት «ደጋው ነው፣ ብርዱ ነው» ይሏት ነበር። በግራ ጎኗ አስተኝተን ስናዳምጥ የጠበበው በር ድምፅ ተሰማ። ደጋውን መክሰስ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው፣ በ3,700 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ዐማሮች ላይ የተደረገው ምርምር፣ ግፊታቸው ከቆለኞቹ ከፍ ቢልም የሳንባ ደም ሥራቸው ለደም የሚያሳየው ተቃውሞ እንዳልጨመረ አሳይቷል።

ስሕተቱ በመድኃኒት ላይም ይደርሳል። ለመጀመሪያው ክፍል የሚታዘዘው ሲልደናፊል የሳንባን ደም ሥር ይከፍታል፤ የፊተኛው በር ጠብቦ ሳለ ሥሩን ማስፋት ግን ሳንባውን በውሃ ሊሞላው ይችላል። በሩ ከታከመ በኋላ እንኳ ግፊቱ ባልወረደላቸው 200 ሰዎች ላይ በስፔን ተሞክሮ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት እንደባሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የሚያሻው በሩን በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ጥገና ማደስ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው።

ከወረፋው በፊት ያለው ሕክምና በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ነው። በኡጋንዳ ሕመሙ በመሣሪያ ብቻ በታየባቸው 818 ልጆች ላይ ተሞክሮ፣ ከ2 ዓመት በኋላ ካልተወጉት ከመቶ 8.2፣ ከተወጉት ግን ከመቶ 0.8 ብቻ ሕመሙ ገፋባቸው። ባጠናነው የሳንባ ደም ግፊት ምዕራፍ ውስጥ የዚህን መርፌ ስም ፈልገን አላገኘነውም።