መንገድ የሚያስጠይቅ ጨዋታ፤ ስለ «ሞሮዊንድ»ና አምሳያው ስለ ተባሉት

«ሞሮዊንድ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የጨረሰ ሰው ጥቂት ቆይቶ «ይህን የመሰለ ሌላ ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው በተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መላሹ የዚያኑ ኩባንያ ተከታይ ሥራዎች ይጠራል፤ ወይም ሰፊ አገር፣ ሰይፍና አስማት ያለበትን ሁሉ ይደረድራል። ጠያቂውም ያመነውን አምኖ ሠላሳና አርባ ሰዓት ከጨረሰ በኋላ የፈለገውን እንዳላገኘ ይረዳል፤ ያጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። የዚህ ሐተታ ዓላማ ያን የጠፋውን ነገር በስሙ ለመጥራት መሞከርና በእርሱም መለኪያነት አምሳያ የተባሉትን ጥቂት ጨዋታዎች መመርመር ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

«ሞሮዊንድ» ቤተስዳ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በ2002 የወጣ ሲሆን፣ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ከሚባሉት ተከታታይ ሥራዎች ሦስተኛው ነው። ተጫዋቹ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ቫርደንፌል ወደምትባለው ደሴት ይመጣል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝም ሴይዳ ኒን በተባለች ትንሽ የወደብ መንደር ይፈታል። ወንጀሉ ምን እንደ ነበረ እስከ መጨረሻው አይነገረውም። አንድ እሽግ ይሰጠውና ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር ካየስ ኮሳዴስ ለተባለ ሰው እንዲያደርስ ይታዘዛል። የሰውየው ቤት ግን በካርታ ላይ አልተመለከተም፤ በስክሪኑም ላይ ወዲህ ሂድ የሚል ቀስት የለም። የተነገረው ባልሞራ ሲደርስ ሳውዝ ዎል ወደሚባለው መጠጥ ቤት ገብቶ እንዲጠይቅ ነው። በእግሩ ቢሄድ ይችላል፤ ቢደክመው ሲልት ስትራይደር በምትባል፣ እግሯ እንደ ምሰሶ በረዘመ ግዙፍ ነፍሳት ላይ ከፍሎ ይሳፈራል።

ካየስ ሲገኝ ሸሚዝ እንኳ ያልለበሰ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ በምሥጢር ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሰላይ ነው። እሽጉን ከተቀበለ በኋላ እንግዳውን ገና ያልበሰለ አድርጎ ይቈጥረውና 200 ወርቅ ሰጥቶ፣ ሥራ እንዲይዝ፣ ከአንዱ ማኅበር እንዲገባና አገሩን እንዲለምድ መክሮ ያሰናብተዋል። ዋናው ታሪክ ገና ከመጀመሩ ባለቤቱን «ሂድና ጥቂት ኑር» ብሎ የሚሸኝበት ጨዋታ እኔ ብዙ አላየሁም።

ተጫዋቹ ተመልሶ ሲመጣ የሚሰጠው የመጀመሪያው ከባድ ተልእኮ የነገሩን ጠባይ ይበልጥ ያሳያል። አርክንግታንድ ከተባለው የጥንት ፍርስራሽ ውስጥ አንድ ሣጥን ማምጣት አለበት። አቅጣጫው በቃል ይነገረዋል፤ ከከተማው ወጥቶ፣ የጦር ምሽጉን አልፎ፣ ከእሳተ ገሞራው የሚወርደውን ደረቅ ሸለቆ ይዞ፣ የድሮውን ድልድይ ተሻግሮ ይሄዳል። ሲደርስ በሩ ዝግ ነው፤ በአቅራቢያው ባለው ቧንቧ ላይ የተተከለውን መዘውር አስተውሎ ካላዞረ አይከፈትም። ሣጥኑም ትልቅ ሙዳይ ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ከጡብ ያነሰ ነገር ስለ ሆነ፣ አጠገቡ ቆመው ሳያዩት የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ተጫዋቹ በዚህ ሁሉ መካከል የዕለት መዝገቡን ገልጦ ያነባል፤ ቀና ብሎ ተራራውን ያያል፤ እንደ ገናም ያነባል። ጨዋታው ወደ አማርኛ ያልተመለሰ በመሆኑ ለእኛ ሥራው እጥፍ ነው። «ከድልድዩ በፊት» እና «ከድልድዩ ባሻገር» በሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ችላ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት በአመድ ውስጥ ይንከራተታል። (የሰዋስው መምህራን ይህን ቢያውቁ ጨዋታውን ሳይጠቀሙበት አይቀሩም ነበር።)

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። በ«ሞሮዊንድ» የሚሰማው ተመስጦ ከሥዕሉ ማማር ወይም ከአገሩ ስፋት የመጣ አይደለም፤ ሥዕሉማ ዛሬ ሲያዩት የሻከረ ነው። ተመስጦው የመጣው ተጫዋቹ በእውነት እንግዳ ስለ ሆነ ነው። እንግዳ ሰው የማያውቀውን አገር የሚያውቀው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ባለአገሩን በመጠየቅና የተጻፈውን በማንበብ። ስለዚህ አምሳያ ለሚፈልግ ሰው መለኪያው አጭር ነው፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ መንገድ ሲጠፋኝ የምጠይቀው ማንን ነው? መልሱ «ቀስቱን» ከሆነ፣ ዓለሙ ምንም ያህል ቢሰፋ አምሳያ አይደለም።

የተጻፈውን በማንበብ ያልኩት ጥቂት መብራራት ይገባዋል። የታሪኩ እንብርት ኔሬቫር የተባለ የጥንት ጀግና ተመልሶ ይወለዳል የሚል ትንቢት ነው። ይህ ጀግና እንዴት እንደ ሞተ በደሴቲቱ የሚገኙት መጻሕፍት አይስማሙም። በገዢዎቹ ቤተ መቅደስ ዘንድ የሚነገረው በጦርነት ቈስሎ እንደ ሞተ ነው፤ በዘላኖቹ በአሽላንደሮች ዘንድ የሚነገረው ደግሞ የገዛ አማካሪዎቹ እንደ ገደሉት ነው፤ አማካሪዎቹም ዛሬ እንደ አማልክት የሚመለኩት ናቸው። ጨዋታው ከሁለቱ አንዱን እውነት ነው ብሎ አይፈርድም። ተጫዋቹ ራሱ ትንቢቱ የተነገረለት ሰው ይሁን ወይም ለፖለቲካ ጥቅም የተመረጠ እስረኛ ብቻ ይሁን፣ ቁርጡን የሚያውቅ ሰው አያገኝም። የታሪክ ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚማረውን፣ ማለት ጸሐፊው ማን ነው፣ ለማን ብሎ ጻፈ የሚለውን ጥያቄ እዚህ ለጨዋታ ብሎ ሲጠይቅ ይገኛል። ትልቁ ሀብቱ ይህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ጉድለቱን መሸፈን ግን አይገባም። ሰይፉ ጠላቱን ሲነካ በዓይን እየታየ፣ በውስጥ ያለው ስሌት ሳተ ብሎ ይፈርዳል፤ ጀማሪው አንዲት ትንሽ አይጥ ለመግደል አየር ሲቈርጥ ይውላል። ክሊፍ ሬሰር የሚባሉት ወፍ መሳይ አውሬዎች ተጓዡን ፋታ አይሰጡትም። አንዳንዱ የተነገረ አቅጣጫ እንዲያውም ስሕተት ነው። አንዳንድ ጓደኞች እነዚህን ሁሉ እንደ ጥበብ ቈጥረው፣ አስቸጋሪ የሆነ ጨዋታ ሁሉ የ«ሞሮዊንድ» ዘመድ ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። መንገድ መጠየቅና መቸገር አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ከዓለሙ ጋር ያገናኛል፤ ሁለተኛው ብቻውን ሲሆን ያሰለቻል።

አሁን ወደ ተከታዮቹ እንምጣ። «ኦብሊቪዮን» በ2006 ሲወጣ ኮምፓሱ የተልእኮውን ቦታ በምልክት የሚያሳይ ሆነ። ታላላቆቹ ከተሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ በካርታው ላይ ስላሉ፣ ተጫዋቹ ከእስር ቤቱ ቦይ እንደ ወጣ ካርታውን ነክቶ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር መዝለል ይችላል። ተጫዋቹ በደረጃ ከፍ ሲል ሽፍቶቹም አብረውት ከፍ ስለሚሉ፣ በመንገድ ጥቂት ሳንቲም የሚለምን ወንበዴ መንግሥት የሚገዛ ጥሩር ለብሶ ይታያል። በ2011 የወጣው «ስካይሪም» ቢያንስ ያልረገጡት ቦታ በካርታ አያዘልልም፤ ተራሮቹም በእውነት ያማሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ግቡ የሚወስደውን መንገድ በብርሃን መሬት ላይ የሚያሰምር አስማት እንኳ አለበት። ይህ አስማት ለእኔ የነገሩ ሁሉ ምሳሌ ነው።

«ቀስቱን አጥፍተህ ተጫወት» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ቀስቱ ሲጠፋ በቦታው የሚተካ ቃል የለም። የዕለት መዝገቡ እገሌ የተባለውን ዋሻ ፈልግ ይላል እንጂ ዋሻው ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ ሆነ አይናገርም፤ ተልእኮውን የሰጠውም ሰው ብዙ ጊዜ አልተናገረም። በ«ሞሮዊንድ» አብዛኛው ንግግር የሚነበብ ጽሑፍ ነበር፤ ከ«ኦብሊቪዮን» ወዲህ ግን ንግግሩ ሁሉ በተዋንያን ድምፅ የሚቀረጽ ሆነ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተዋናይ ሲያስፈልግ፣ «ከምሽጉ በስተምሥራቅ፣ ከሁለተኛው ዛፍ ዝቅ ብሎ» የሚለው ዝርዝር ሳይቀንስ አልቀረም። ድምፁ መጣ፤ አቅጣጫው ሄደ።

ክርክሩን የሚቈርጠው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። በ2017 ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱት «ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን» ያችኑ የቫርደንፌልን ደሴት መልሶ አቀረበ። ሴይዳ ኒንም ባልሞራም፣ ረጃጅሞቹ እንስሳትም ሁሉም አሉ። አምሳያነት በመልክ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም ነበር። ነገር ግን ምልክቱ ከተልእኮ ወደ ተልእኮ እየመራ ስለሚወስድ፣ ተጫዋቹ በሚያውቃት መንደር ውስጥ እንደ ጐብኚ ያልፋል። ደሴቲቱ ያችው ናት፤ እንግድነቱ ግን የለም።

ከዚህ በተቃራኒ መልኩ ፈጽሞ የማይመስለው «ጎቲክ» በመለኪያዬ ቅርብ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጨዋታ ፒራኛ ባይትስ በተባሉ የጀርመን ሠሪዎች በ2001 የወጣ ነው፤ «ሞሮዊንድ»ን ይቀድመዋል እንጂ አይቀዳውም። ቦታው ጠባብ ነው፤ በአስማት ግርዶሽ የታጠረ፣ እስረኞች ማዕድን የሚቈፍሩበት ሸለቆ ብቻ ነው። እዚህም ስም የሌለው እስረኛ የሚያደርሰው ደብዳቤ ይዞ ይገባል፤ እንደ ደረሰም ይደበደባል። ካርታ ቢፈልግ ከሰው ማግኘት አለበት። የሰው ጎጆ ዘው ብሎ ቢገባ ባለቤቱ ይጮኽበታል፤ በሰው ፊት ሰይፍ ቢመዝዝ ያስጠነቅቁታል፤ ካልመለሰም ይመቱታል። ያልተማረ ጀግና የአንድ እጅ ሰይፍ በሁለት እጁ እንደ ዱላ ይይዛል፤ መምህር ፈልጎ ካስተማረው በኋላ አያያዙ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያሳያል። በጫካው ያለው አውሬ ለእርሱ ተብሎ አልደከመም፤ ስለዚህ የትኛው መንገድ እንደሚገድል የሚያውቁትን መስማት ግድ ይሆናል። የቁልፎቹ አጠቃቀም ጣትን የሚያጣምም ነው፤ ይህን ለታገሠ ሰው ግን ከ«ስካይሪም» ይልቅ ይህ ጨዋታ የጠየቀውን ይመልስለታል።

ሁለተኛው የፕራጉ ዋርሆርስ በ2018 ያወጣው «ኪንግደም ከም ዴሊቨራንስ» ነው። አስማት የለበትም፤ ቦታው የ1403ቱ ቦሄሚያ ነው፤ መንደሮቹም በዛሬይቱ ቼክ አገር በእውነት ያሉ ናቸው። ባለታሪኩ ሄንሪ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ፊደል አያውቅም። መጽሐፍ ሲገልጥ ተጫዋቹ የሚያየው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። ኡዢትዝ በምትባል መንደር ከሚገኝ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ማንበብ ሲማር፣ ችሎታው ከፍ ባለ መጠን ቃላቱ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ይመጣሉ። ማንበብን እንዲህ አክብሮ ያስቀመጠ ሌላ ጨዋታ አላውቅም። በተራው አጨዋወት ምልክትና በካርታ መጓዝ አለበት፤ ዘግይቶ በዚያው ዓመት የተጨመረው «ሃርድኮር» የተባለው አጨዋወት ግን ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ ከካርታው ላይ ያጠፋል፤ መዝለልንም ይከለክላል። በዚህ መንገድ የተጫወተው ሰው ወንዙንና የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት እያየ መሄድ ይማራል። የሚጐድለው ነፃነቱ ነው፤ ሄንሪ አባት፣ መንደርና ስም ያለው የአገሩ ልጅ በመሆኑ፣ ማንም ሆኖ የመጀመርን ስሜት አይሰጥም።

የኪቤኮቹ «አውትዋርድ» (2019) ካርታው ተጫዋቹ ያለበትን አያሳይም፤ ሲሸነፍም ከመሞት ይልቅ ተማርኮ ወይም ተርፎ በሌላ ስፍራ ይነቃል። ለመንገድ ፍለጋ የሚመከር ነው፤ የሚነበብ ነገሩ ግን ቀጭን ነው።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ታምሪኤል ሪቢልት» በተባለ ሥራ የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች ጨዋታው ከመውጣቱ አስቀድሞ ጀምረው፣ ከደሴቲቱ ማዶ ያለውን ዋና ምድር ከተማ በከተማ ሲጨምሩበት ኖረዋል። የጻፉት ተልእኮ እንደ ቀድሞው በቃል አቅጣጫ የሚሰጥ ነው፤ ሥራው ገና አላለቀም፤ የሚወሰደውም ያለ ክፍያ ነው። «ኦፕን ኤም ደብልዩ» ከተባለው የነፃ ፕሮግራም ጋር ሲገጠም ብዙ ጉልበት በሌለው ኮምፒዩተር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን የ«ሞሮዊንድ»ን ቅጂ በሕግ መግዛት ብቻ ነው። ገንዘቡና ኮምፒዩተሩ ውሱን ለሆነ ተማሪ ከ«ጎቲክ» አስቀድሞ ይህን እንዲሞክር እመክራለሁ፤ የድሮውን ጨዋታ ያልጨረሰ ግን ወደ ዋናው ምድር ከመሻገሩ በፊት ካየስ የመከረውን ቢፈጽም ይሻለዋል።