«ቅመማ» እና «ዕደላ»፦ ስለ ፋርማሲ ቴክኒሺያኖች ሥልጠና ቃላት አንድ ሂስ

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን የሚመራባቸው የሙያ ደረጃዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው፣ አሠልጣኙም ሠልጣኙም የአማርኛውን ቃል የሚያገኙት በየራሳቸው ትርጉም ነው። ከዲግሪ በታች ለሚሠለጥነው የፋርማሲ ቴክኒሺያን ሥራ ሁለት ቃላት ይዘወተራሉ፤ ሁለቱም ጉድለት አለባቸው።

«ቅመማ» ከዘመኑ ሥራ ጋር አይገጥምም። መድኃኒቱ ዛሬ በፋብሪካ ተዘጋጅቶና ታሽጎ ስለሚመጣ፣ በነፋስ መውጫ ወይም በወገዳ በሚገኝ መድኃኒት መደብር ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ የሚቀምመው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ «መድኃኒት ቀማሚ» ሲባል የገጠር ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሥር ማሹን፣ ቅጠል በጣሹን ነው።

የ«ዕደላ» ጉድለት ከዚህ ይከፋል። ቃሉ «አደለ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን «ዕድል» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው፤ በሁለቱም ተቀባዩ የደረሰውን ይወስዳል እንጂ አይጠይቅም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ባቀፋቸው በጋይንትና በስማዳ ወረዳዎች «ዕደላ» የእርዳታ እህል ተሰልፎ መቀበልን ያስታውሳል። ሥራውን በዚህ ቃል የተማረ ባለሙያ እሽጉን ሰጥቶ ቢያሰናብት፣ ቃሉ ያዘዘውን ፈጽሟል።

እንግሊዝኛው «ዲስፔንሲንግ» ግን በሙያው ከመስጠት የሰፋ ትርጉም አለው፤ ይኸውም ማዘዣውን መመርመር፣ መጠኑን ማመሳከር፣ መለያ መጻፍና ተቀባዩን ማስረዳት ነው። በእስቴ ገበያ ለመጣች አንዲት ጿሚ እናት «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ማለት ምን ማለት ነው? እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ የጠዋቱን ትተዘልለዋለች፣ ወይም ሁለቱን ማታ አንድ ላይ ትውጠዋለች። ባለሙያው የምትበላበትን ሰዓት ጠይቆ ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ማስማማት ይገባዋል።

በምትኩ «ርክክብ» ቢባልስ? ቃሉ የሰጪንም የተቀባይንም ድርሻ ስለሚያሳይ መልካም ነበር። ሆኖም የግምጃ ቤት ሠራተኞች ለዕቃ ገቢና ወጪ ስለያዙት ያደናግራል። ስለዚህ እኛ የምናቀርበው «ማደልና ማስረዳት» የሚለውን ጥንድ ስያሜ ነው። ይረዝማል፤ ነገር ግን በብቃት ምዘና ጊዜ መዛኙ ሁለተኛውን ቃል ለብቻው ሊጠይቅበት፣ ተመዛኙም ተቀባዩ የሰማውን መልሶ እንዲናገር በማድረግ ሊያሳይበት ይችላል። የሙያ ደረጃውን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ይህን እንዲመረምሩልን እናሳስባለን።