ያለ ኤልም የምትኖረው ክሽክሽ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ደጋ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ፖም ጓሮ ውስጥ ይተከላል። ከተገረዘ ቅርንጫፍ ጠባሳ ላይ ነጭ ባዘቶ የመሰለ ነገር ካዩ ለመጥረግ አይቸኩሉ። መጀመሪያ አጉሊ መነጽር ያምጡ።

ነጩ ነገር ሰም ነው። ክሽክሽ ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ጀርባ ካሉ ዕጢዎች በቀጭን ክር እየወጣ ይጠቀለላል። ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ጠቆር ያለች ቀይ ክሽክሽ ትገኛለች፤ ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከተጨፈለቀች ጣት ላይ ቀይ ቀለም ትተዋለች። ከሰውነቷ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ያጣብቃል፤ ነገር ግን ጠብታውም ሳይቀር ሰም ይለብሳል። ስለዚህ ተጨናንቀው የሚኖሩት እህትማማቾች በገዛ ፈሳሻቸው አይያዙም።

የመጣችው ከሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ዓመቷን ለሁለት ዛፍ ታካፍላለች። ሙቀቱን ፖም ላይ ታሳልፋለች፤ ብርዱ ሲቃረብ ክንፍ ያላቸው ተወልደው ኤልም ወደተባለው ዛፍ ይበርራሉ። ወንድና ሴት የሚገናኙት፣ እንቁላልም የሚጣለው ኤልም ላይ ነው። በእኛ ተራሮች ኤልም አይበቅልም። ኤልም በሌለበት አገር ዓመቱን ሙሉ ፖም ላይ ትኖራለች፤ ያለ ወንድ ሴት ልጆችን ትወልዳለች፣ እነሱም እንዲሁ። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ክንፋሞቹ ዛሬም መወለዳቸው ነው። ፖም ላይ ከቀሩ ግን የሚወልዷቸው ወንዶችና ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ዘር ሳይተኩ ያልቃሉ።

ቤቷን የምትሠራው ራሷ ናት። ቀጭን መምጠጫዋን በቅርፊቱ አሳልፋ ትተክላለች። ምራቋ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ እባጩ ያድግና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለሚቀጥለው ትውልድ መጠለያ ይሆናል። ከፊሎቹ ግንዱን ወርደው ሥሩ ላይ ይሰፍራሉ። ቅርንጫፉን መድኃኒት ቢረጩት እንኳ ከአፈር በታች የተረፉት ተመልሰው ይወጣሉ።

ለዚህ መልስ የሆነው ሥራ የተሠራው እንግሊዝ አገር፣ ኢስት ሞሊንግና መርተን ላይ ነው። ክሽክሿን የሚቋቋመውን ኖርዘርን ስፓይ የተባለ ፖም ከሌላ ጋር አዳቅለው ኤም ኤም 106 የተባለውን ዝርያ አወጡ። ይህ ከሥር ይሆናል፤ ፍሬው የሚፈለገው ዝርያ ከላይ ይቀጠልበታል። መገጣጠሚያው ግንዱ ላይ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ከእሱ በታች ያለው ለክሽክሿ እምብዛም አይመችም፤ ከእሱ በላይ ያለው ግን እንደ ቀድሞው ተጋላጭ ነው። መገጣጠሚያው ከተቀበረ የላይኛው ዝርያ የራሱን ሥር ይሰድዳል፣ የታችኛው ጥበቃም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ችግኙ ሲተከል ያ ጎባጣ ከአፈሩ በላይ በግልጽ መታየት አለበት፤ በኋላ አፈር ሲታቀፍም እንዳይሸፈን።