ጉንጯ ሲቀላ ቁረጧት!

የአዲስ አበባ ምርጥ ቲማቲም የት ይገኛል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከእንግዲህ መልሴ አንድ ነው፦ ራጉኤል! አዎ፣ መርካቶ፣ ራጉኤል። ጉሊት ላይ የተደረደረውን አላልኩም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ጥግ፣ በዘይት ጀሪካን ውስጥ የበቀለውን ነው የምላችሁ። ጨው አልነካውም፣ ሎሚ አልተጨመቀበትም፣ ዘይት አልፈሰሰበትም። እንዲሁ በእጄ ይዤ ገመጥኩት። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ፣ ጣፋጩ ቀደመ፣ ኮምጣጣው ተከተለ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሽታ! ስንት ዓመት ሙሉ ቲማቲም እያልን ስንበላ የኖርነው ምን ነበር ጎበዝ?

ዘሩም አፈሩም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። እኔን ያሳበደኝ ግን ፍሬው መብሰል ሲጀምር የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። በ2015 የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ስለ ከተማ ግብርና የማያወራ ሰው የለም። ግን ወሬው ሁሉ ስለ መትከል ነው! ችግኝ እንዲህ አፍሉ፣ አፈር እንዲህ ቀላቅሉ፣ ይባልና ፍሬው ሲንጠለጠል ሁሉም እጁን አጣጥፎ «በቃ ይቅላ» ብሎ ይቀመጣል። ጣዕሙ የሚለየው ግን ያን ጊዜ ነው።

ራጉኤልን የማያውቅ የለም። እዚህ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያ ታላቁ አንዋር መስጊድ፣ መሃል ላይ ጣቃው፣ ጫማው፣ ካርቶኑ፣ «ዞር በል!» እያለ የሚገፋው ተሸካሚ። እግር ማሳረፊያ በሌለበት ሰፈር ማን መሬት አግኝቶ ይዘራል? መሬት የፈለገ ማን አለ! ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያሉት የድሮ ጊቢዎች ግድግዳና ፀሐይ አላቸው፤ ቲማቲም ደግሞ ከዚህ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። ሃያ ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ከምናለሽ ተራ ይመጣል፤ አናቱ ይቆረጣል፣ ታቹ በጋለ ሚስማር ይበሳል፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ይሞላል። አንድ ጀሪካን፣ አንድ ተክል። ችግኙ በነሐሴ በመርቲ ድልህ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከጣሪያ ጥላ ሥር ያድግና፣ መስከረም 1 የራጉኤል ንግሥ አልፎ ዝናቡ ሲቀንስ ወደ ጀሪካኑ ይገባል። ክረምት ላይ ደጅ የተተከለ ቲማቲም ቅጠሉ እየጠቆረ በበሽታ ያልቃልና ይህ አቆጣጠር በዋዛ የሚታይ አይደለም።

በኅዳር ፍሬው ይንዠረገጋል። በታኅሣሥ መቅላት ይጀምራል። ልክ በገና ጾም! እንጀራ በቲማቲም ፍትፍት በሚናፈቅበት ሰሞን ደጃፋችሁ ላይ ቀይ ቲማቲም! ግን የታኅሣሥ ብርድ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ወር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ለቲማቲም ደግሞ 10 ዲግሪ ክፉ መስመር ነው፤ ከዚያ በታች መብሰል ይቆማል። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ፍሬው አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ሳምንቱ ሳምንት ይወልዳል፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቆዳው የጠነከረ፣ ውስጡ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር ነው። የጓሮ ቲማቲም ተክለው «ምኑም አይጥምም» ያሉ ሰዎች ይህንን አይተዋል።

አሁን ወደ ግኝቱ! ከእነዚህ ጊቢዎች በአንዱ ውስጥ ያሉ እናት በማለዳ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ሲዞሩ አየሁ። አረንጓዴ የመሰለችኝን ፍሬ በመቀስ ቆረጧት። ደነገጥኩ። «እማማ፣ ገና ጥሬ አይደለችም እንዴ?» አልኳቸው። ገልብጠው አሳዩኝ፤ ታቿ ላይ፣ አበባው በነበረበት በኩል፣ የጥፍር ያህል ሮዝ ነገር ፈንጥቋል። «ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ምን ትጠብቃለች? እናቷ አጥብታ ጨርሳለች። ብርዱ ሳያገኛት ቤት ትግባ እንጂ።» «አይጡስ አያስቸግርም?» አልኩ። ሳቁ። «አይጥማ ቀይ ነው የሚወደው፤ እኔ እቀድመዋለሁ!»

በቃ ይኸው ነው! ሚስጥሩ ይኸው ነው! እኚህ እናት በልምድ የደረሱበትን ሳይንሱ ቃል በቃል ይደግፈዋል። ቲማቲም ሙሉ መጠኑን ይዞ የመጀመሪያዋን ቀለም ሲያወጣ ኤትሊን የተባለውን የማብሰያ ጋዝ በብዛት ራሱ ማምረት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ተክሉ ላይ ቢሆንም ጠረጴዛ ላይ ቢሆንም መብሰሉን ይቀጥላል። የአዲስ አበባ ሙዝ ነጋዴዎች በዝግ ክፍል ነጭ ጋዝ እያጨሱ ሙዝ ሲያበስሉ የኖሩት በዚሁ በኤትሊን ነው፤ ጭሱ ውስጥ አለና። ቲማቲም ግን ማንም ሳያጨስለት የራሱን ጋዝ ይሠራል። የሚፈልገው ሙቀት ብቻ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ። ፀሐይ አይፈልግም! እንዲቀላ ብላችሁ መስኮት ላይ የምትደረድሩ ሰዎች ሆይ፣ አንሱት! ቀዩን ቀለም የሚሠራው ላይኮፒን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን በደንብ አይፈጠርም፤ መስታወት ሥር ፀሐይ የመታው ቲማቲም ብጫ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ነጋዴውም እኮ ሳይበስል ነው የሚለቅመው፤ የእሱ ለምን አይጥምም?» ትሉኛላችሁ። ግሩም ጥያቄ ነው! የከተማው ቲማቲም በአብዛኛው የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆው፣ ከዝዋይ፣ ከመቂ፣ ከቆቃ አካባቢ ነው። ገበሬው መኪና በመጣ ቀን ማሳውን በአንድ ጊዜ ይለቅማል፤ የበሰለውም፣ ያልደረሰውም፣ ጮርቃውም በአንድ የእንጨት ሳጥን ይገባል። ያልደረሰው ቲማቲም ውስጡ ጣዕም ሳይሞላ ስለተቆረጠ ውጭው ቢቀላም ባዶ ነው። መርካቶ ያለው ሰው ግን መኪና አይጠብቅም። በየማለዳው በሩን ከፍቶ ፍሬዎቹን ያያል፤ ዛሬ የቀላችውን ዛሬ፣ ነገ የምትቀላውን ነገ። ባለ ብዙ ሄክታሩ ገበሬ ሊገዛው የማይችለው ሀብት ይህ ነው፦ እያንዳንዷን ፍሬ በየቀኑ የሚያይ ዓይን። ጀሪካን ውስጥ የተተከለ ቲማቲም ትልቁን እርሻ የሚበልጠው በዚህ ብቻ ነው፤ ግን በዚህ ክፉኛ ይበልጠዋል!

የደረሰና ያልደረሰ አረንጓዴ በምን ይለያል? አንዷን መሥዋዕት አድርጉና በስለታም ቢላ ለሁለት ክፈሏት። ቢላው ዘሮቹን ከቆረጣቸው ገና ጮርቃ ናት፤ እህቶቿን አትንኩ። ዘሮቹ በሚያሟልጭ ነገር ተሸፍነው ከቢላው ከሸሹ ደርሳለች፤ በዚያው መጠን ያሉት ቀለም ለማውጣት የቀራቸው ትንሽ ነው። ይህን ያየሁ ዕለት ልቤ በደስታ ዘለለ ብል ማጋነን አይደለም።

እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ተክሉን መንከባከብ አለ፤ ከሁሉ የሚቀድመው ውሃ ነው። ከተማችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቲማቲም ደግሞ ፈረቃ አይወድም! ሦስት ቀን ደርቆ በአራተኛው ቀን የጠገበ ተክል ፍሬው ይሰነጠቃል። ታቹ ጠቁሮ የሚበሰብሰውም አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ሆኖ አይደለም፤ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ፍሬው ዘንድ በበቂ ስለማይደርስ ነው። የእንቁላል ቅርፊት መፍጨቱን ተዉትና በርሜሉን ሙሉ! ውሃ ሲመጣ ይጠራቀም፤ ከዚያ በየማለዳው ለአንድ ጀሪካን አንድ ሊትር፣ ፀሐዩ ሲበረታ እስከ ሁለት። ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። አፈሩ በጤፍ ጭድ ከተሸፈነ እርጥበቱ ይቆያል። ፍሬዎቹ መቅላት ሲጀምሩ ውሃውን በጥቂቱ ቀንሱ፤ ጣዕሙ ይጠነክራል። መቀነስ አልኩ እንጂ መከልከል አላልኩም!

ዩሪያ በዚህ ጊዜ በቃ። ቅጠል ያበዛል፣ ፍሬውን ያዘገያል። ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ ግን ፖታሲየም አለውና ቆንጠር አድርጎ በአፈሩ ዙሪያ መበተን ፍሬውን ይረዳዋል፤ ማብዛት አይገባም። ረጃጅሞቹን ዝርያዎች ደግሞ ከአራትና አምስት ዘለላ በኋላ ጫፋቸውን ቁረጡ። በኅዳር መጨረሻ የሚያብበው አበባ በብርድ ፍሬ ሆኖ አይደርስም፤ ምግቡን ለምን ይሻማል? እንደ ሮማ ያሉት አጫጭሮቹ በራሳቸው ጊዜ ይቆማሉ፤ እነሱን አትንኩ። ከመጀመሪያው ዘለላ በታች ያለውን ቅጠል አንሱ፣ አየር ይግባ። ፍሬውን የሚያጠላውን ቅጠል ግን እንዳትነኩ! የእኛ ከፍታ ፀሐይ ራቁቱን ያገኘውን ፍሬ መትቶ ነጭ ጠባሳ ያደርግበታል።

ማሰሪያውስ! እዚህ ላይ መርካቶ መርካቶነቱን ያሳያል። ሲባጎ ግንዱን ይቆርጣል፤ ሽቦ ጭራሽ አይታሰብም። የልብስ ሰፊዎች ከመኪናቸው ሥር የሚጠርጉት የጨርቅ ቁርጥራጭ ግን ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፣ በነጻ ነው። በዚያ ጊቢ ያሉት ተክሎች በቀይ ፖሊስተር፣ በአበባማ ጨርቅ፣ በጂንስ ጠርዝ ከባህር ዛፍ እንጨታቸው ጋር ታስረው ቆመዋል። ሁሉም በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ ተደርጎ ታስሯል፤ ግንዱ ሲወፍር እንዳይታነቅ። እንዴት ያምራል!

የተቆረጠችው ፍሬ ከነአንጓዋ ቤት ትገባለች። መርካቶ ካርቶን አያልቅበትም፤ በካርቶን ላይ ሳይደራረቡ፣ ትከሻቸው ወደ ታች ሆኖ፣ ምድጃ ወይም ጀበና በሚሞቅበት ክፍል ይደረደራሉ። የቸኮለ የበሰለ ሙዝ አብሮ በወረቀት ከረጢት ያስገባ፤ ሙዙም ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ ፍጥነቱን ይጨምራል። ፍሪጅ ግን ወዮ! የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለቀናት በፍሪጅ የቆየ ቲማቲም ሽታውን የሚሠሩት ጂኖች እንደሚዳከሙ፣ ወደ ሙቀት ቢመለስም የሄደው ሽታ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ አሳይተዋል። ስንቶቻችን ቲማቲሙን ከገዛን በኋላ በገዛ እጃችን ገድለነዋል!

እኔማ ብዬ ብዬ ተክሉ ላይ የቀላውንና ካርቶን ላይ የቀላውን ጎን ለጎን ቀመስኩ። ልዩነት ፈልጌ አጣሁ። የካርቶኑ እንዲያውም ቆዳው ያልተሰነጠቀ፣ ወፍ ያልነካው፣ አይጥ ያልቀመሰው ነበር። ከዚያ ፍትፍቱ መጣ፤ እንጀራው ተቆራርሶ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ፣ ቃሪያው ተከትፎ፣ ዘይትና ሎሚ ጠብ ብሎበት፣ ቲማቲሙ በእጅ ተፈርክሶ ጭማቂው እንጀራው ውስጥ ሲሰርግ! ሰው ሁሉ ዝም ብሎ በላ። አንድ ጎረቤት ብቻ ቀና ብሎ «ይህ ከየት ተገዛ?» አለ።

አልተገዛም ወንድሜ! አይገዛምም! ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያላችሁ፣ የቀበሌ ቤት ደጃፍ ያላችሁ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ክንድ ሲሚንቶ ያላችሁ ሁሉ፣ ከምናለሽ ተራ ጀሪካን ግዙ። ለዘሩ አትጨነቁ፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላና መልካሳልሳ አሉ፣ ሮማም አለች። ዋናው መጨረሻው ነው። ፍሬው ሲወፍር ቡናችሁን ከመጠጣታችሁ በፊት ወጥታችሁ ታቹን ገልብጡና እዩ። ሮዝ ያያችሁ ቀን መቀሱን አንሱ፤ ሙሉ በሙሉ እስክትቀላ አትጠብቁ፣ ለብርድ አትተዉ፣ ለአይጥ አታስቀሩ። የመጀመሪያዋን ስትገምጡ ደግሞ እጅጌያችሁን ሰብስቡ፤ ጭማቂው ይወርዳል!